ያገኘ ይወጥር፣ የሰፋ ይተርትር

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የመቁረጫ ክፍል፣ የስፌት መስመር፣ የካውያ ክፍል፣ የግምጃ ቤት ሰዎች፣ እንዲሁም በር ላይ ቆማችሁ እንግባ አንግባ የምትሉ የጥበቃ ወንድሞቼ። ግቡ እንጂ። ዛሬ ማንም አይፈትሻችሁም።

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዳራሽ የለንም ብላችሁ የማሸጊያውን ክፍል ባዶ አድርጋችሁ፣ ካርቶኑን ሁሉ ግድግዳ አስደግፋችሁ፣ ረጅሙን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሳችሁ ሳይ እውነቴን ነው ልቤ ሞቀ። ጨርቁ በዚህ በኩል ጠርዙ ትንሽ ተጣሟል። አይቼዋለሁ። ምን ላድርግ፣ እኔ ጡረታ ብወጣም ዐይኔ ገና አልወጣም።

ሥራዬን ለማታውቁ አዲሶች፣ እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። በቀላሉ ሲነገር፣ ሌላ ሰው የሰፋውን አገላብጬ ጥፋት መፈለግ ነው ሥራዬ። ሰው እንዴት ይወደኛል? ልጅነቴን፣ ጎልማሳነቴን፣ ጉልበቴን ሁሉ «ይሄ ተጣሟል፣ ይሄ ይተርተር» እያልኩ ጨረስኩት። እናንተም «መርፌ» ብላችሁ ስም አወጣችሁልኝ። የማላውቅ መስሏችሁ ነበር? «መርፌ መጣች፣ ቀና በሉ» ስትባባሉ ከበሩ ጀምሮ ነው የምሰማው። ግድ የለም። መርፌ ወጋችኝ የሚል እንጂ ሰፋችልኝ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ከመግባቴ በፊት የሰው ኃይል ኃላፊዋ እጄን ያዝ አድርጋ «እናቴ፣ አደራዎን፣ አጭርና ጣፋጭ ይሁን። ምስጋና፣ ትዝታ፣ ምርቃት፣ በቃ» አለችኝ። እኔም «እሺ ልጄ» አልኳት። እሺ የሚባለው አንዳንዴ ለመስማማት፣ አንዳንዴ ደግሞ ለመገላገል ነው። ምስጋናውን አድርሻለሁ። ምርቃቱም ይመጣል። መሃሉን ለእኔ ተዉልኝ።

በዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። እስኪ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። የኮሌታው መስመር መጀመሪያ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው እትዬ ኮሌታ የለችም። እናንተ ሳትወለዱ ኮሌታ መስፋት የጀመረችው፣ ግማሻችሁን መኪና ላይ አስቀምጣ እግራችሁን ፔዳል ላይ ያስረገጠቻችሁ ሴት። ስሟ የጥፋተኛ ስም በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ በቀይ ከተጻፈ ወዲህ ሥራ አልገባችም። ታመመች ተባለ። ሥራ ያስቀራት ሕመም አይደለም። ፈቃድ ወሰደች ተባለ። አልወሰደችም። አፍራ ነው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ካልተመለሰች ስሟ ከሠራተኛ መዝገብ ይሰረዛል ተብሏል።

እኔን በአበባና በኬክ እየሸኛችሁ፣ እርሷን በዝምታ ልትሸኟት ነው። ታዲያ ይህን ዋጥ አድርጌ፣ «በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ» ብዬ ልቀመጥ? አልቀመጥም።

አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያላችሁ ነው። ደሞዟን እየበላች ዝም ብላ፣ ዛሬ ስትወጣ ጀግና ሆነች ልትሉኝ ነው። ዝም አላልኩም። የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁና ፍረዱ።

ክርስቲያን ነኝ። ይህን የማያውቅ የለም፤ በምሳ ሰዓት ከካርቶኖቹ ጀርባ ስጸልይ ስንቴ መጥታችሁ አስደንግጣችሁኛል። ጌታ ያስተማረን መንገድ ግልጽ ነው። ወንድምህ ሲያጠፋ ካየህ መጀመሪያ ለብቻው ሄደህ ንገረው። ካልሰማህ ሌላ ሰው ይዘህ ተመለስ። ያንንም ካልሰማ ለጉባኤው ንገር። የእኔ ነገር የከበደው የት ላይ መሰላችሁ? ሌላው ክርስቲያን «ወንድሜ» ሲል በመንፈስ ነው። የእኔው ግን በእናትም በአባትም ነው። እዚያ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ ክራባት አስሮ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ እየጠጣ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጃችን።

እዚህ ግቢ ውስጥ «እርስዎ» እያልኩት ነው የኖርኩት። ለሥራው ክብር ነው፣ ይገባዋልም። ቤት ስንገናኝ ደግሞ «አንተ፣ ጫማህን በር ላይ አውልቅ» እለዋለሁ። ዛሬ ግን ጡረታ ወጥቻለሁ። እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እዚህም አንተ ልበልህ።

መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ። ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ወንድሜ፣ ይህ ሰሌዳ ሰው እያዋረደ ነው፣ አውርደው» አልኩት።

«እህቴ፣ ሥራና ዝምድና አይቀላቀል» አለኝ።

«እንደ ዘመድ አልመጣሁም።»

«እንደ ምን መጣሽ ታዲያ?»

«እንደ ክርስቲያን።»

«እሱማ የባሰ ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቃችን አለቀ፣ ሰሌዳው ግን እንደተሰቀለ ነው።

ሁለተኛ ጋሼ መቀስን ይዤ ሄድኩ። የመቁረጫ ክፍሉ ሽማግሌ እንደምታውቁት ንግግር አይወዱም፤ ጥቅል ጨርቅ ቆርጠው እስኪጨርሱ አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ቢሮው ውስጥ ቆመው ቆመው «ልጄ፣ አባትህ ይህን ቢያዩ ደስ አይላቸውም» አሉት። የወንድሜ ፊት ቀላ። «አስብበታለሁ» አለ። አስብበታለሁ ብሎ ያሰበበት ሰው እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ሦስተኛው ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ጉባኤው እናንተ ናችሁ።

ለወንድሜም እውነቱን ልፍረድለት። ሰሌዳው ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ካፖርት ያዘዘን ደንበኛ ተጣደፈ፣ ተመላሽ ሥራ በዛ፣ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፣ ወንድሜ ክብደቱ ቀነሰ። ከዚያ አንድ ቀን ነጭ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ የተሳሳተ ሰው ስምና ጥፋቱ በቀይ ይጻፍበት ጀመር። ስፌት የሚተረትሩ ሰዎችም ለብቻቸው ጓሮ ውስጥ ተቀመጡ፤ የተሳሳተው ልብስ በቅርጫት ይሄድላቸዋል፣ ማን እንደሰፋው አያዩም፣ የሰፋውም እነርሱን አያይም። ወንድሜ ዛሬም «ከሰሌዳው ወዲህ ጥፋት ቀንሷል» ይላል። ሪፖርቱ ላይ ቀንሷል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ግን አልቀነሰም። ከገበሩ ሥር የተሸሸገ ቀዳዳ አገኛለሁ። ጠማማውን እጅጌ እሥሩ መሃል ትከቱና ከላይና ከታች ቀጥ ያለውን ትደረድሩልኛላችሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አንገታችሁን አትድፉ፣ ስም አልጠራም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማን አድገን፣ መደበቅ የሚያስተምር ሰሌዳ ሰቀልን።

ከሰሌዳው በኋላ የመጣችሁ ልጆች ድሮ እዚህ ቤት ምን እንደነበረ አታውቁም። «ያገኘ ይወጥር፣ የሰፋ ይተርትር» የሚባል ሕግ ነበረን። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ እኔ ስገባም ነበረ። ጥፋት ያገኘ ሰው ልብሱን ወርውሮ አይሄድም። በርጩማ ስቦ ከሰፊዋ አጠገብ ይቀመጣል፣ ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ ይይዝላታል፣ እርሷ በምላጭ ክሩን ትተረትራለች። ጨርቅ ካልተወጠረ ክሩ አይታይም፤ በግምት ከገባችሁ ምላጩ ጨርቁን ይበላዋል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሕጉ ብልሃት ምን ነበር መሰላችሁ? አፉን የከፈተ ሁሉ እጁንም ማቅረብ ነበረበት። ሰው ጥፋት አየሁ ብሎ ከመናገሩ በፊት ምሳው ሊያልፈው እንደሚችል ያስባል። ስለዚህ ለነገር ያህል ስህተት የሚለቅም አልነበረም። የተናገረም የምሩን ነው። ጉልበት ለጉልበት ተነካክታችሁ ስትቀመጡ ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። ማን አረገዘች፣ የማን ባል ቤት አላደረም፣ የማን ልጅ ትምህርት አልገባው አለ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ልብሱ ሲቃና ሰውየውም ትንሽ ይቃናል። ወጣሪዋም ጭምር።

እኔ ፍቅር ያለበት ተግሣጽ ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከዚያ በርጩማ ላይ ነው። ስብከት ሰምቼ አላጣሁም፣ ግን እጄ የተማረው እዚያ ነው። ሰውን ገሥጸህ ወደ ሥራህ ከተመለስክ ተናገርክ እንጂ አልገሠጽክም። ቁጭ ካልክለት ነው።

አሁን የሰርቪሱን ሾፌር አያለሁ፣ ከኋላ ቆሞ አቀርቅሯል። ቀና በል፣ ይህን ራስህ ለሰው ሁሉ ስለምታወራው ነው የማነሳው። ይህ ሰው ከሥራ ሊያወጣን ሲመጣ አፉ ይሸት ነበር። ሁላችንም እናውቃለን። ምን አደረግን? ፀሎት እያደረግን ተሳፈርን። እርስ በርስ አማነው፣ ለእርሱ ግን «ደህና ዋልክ» እንለዋለን። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ሳይገባ ቀድሜ ባዶው ሰርቪስ ውስጥ ገባሁ። «ወንድሜ፣ ትጠጣለህ። አንድ ቀን ከእነዚህ እናቶች ጋር ገደል ትገባለህ። እኔ ደግሞ አንተን ቀብሬ ማልቀስ አልፈልግም» አልኩት። «ምን አገባሽ፣ አንቺ የጨርቅ ተቆጣጣሪ ነሽ» ብሎ ጮኸብኝ። ልክ ነው፣ የጨርቅ ተቆጣጣሪ ነኝ። በማግስቱም ከአጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለውም ቀን። ሰላም ሳይለኝ ስንት ጊዜ ተመላለስን። መጨረሻ ላይ ሐኪም ቤት የሄደው ብቻውን አልነበረም። አሁንም አይወደኝም። ግን አይጠጣም። እኔ ይህ ይበቃኛል።

«ምን አገባኝ» የሚለውን ቃል የፈጠረ ሰው ማን ይሆን? ትሕትና አስመስለው ይናገሩታል። «እኔ በሰው አልፈርድም፣ እኔም ኃጢአተኛ ነኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ለጎረቤት ያወሩታል። ለባለቤቱ ላለመናገር ክርስቲያን የሆነ፣ ለሌላው ለመናገር ሲሆን ክርስትናውን የት ነው የሚያስቀምጠው? አለመፍረድና ዝም ማለት ምን አገናኛቸው? ዐይኑ ውስጥ ጉድፍ የገባበትን ሰው «አልፈርድብህም» ብለህ ታልፈዋለህ?

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶቻችን። ከአባቶቼ ጋር መሟገት አልወድም፣ ግን እኔ ዝም ነቅዞ አይቻለሁ። የካውያ ክፍል ሁለቱ እህቶቼ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ እየተኮሳችሁ ሳትነጋገሩ ስንት ዓመት ከረማችሁ? ምክንያቱን ጠይቄያችሁ አንዳችሁም በደንብ አላስታወሳችሁትም። ያ ነው መንቀዝ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው» የሚለውንም የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የምቀበለው። ለመከራ አሳልፌ የምሰጠው ወንድም የለኝም። ሦስቴ ከነገርኩት አራተኛም እነግረዋለሁ።

ይህን ስል «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ያርርብኛል። ሲያርርብኝ ሽታው የደረሳችሁ መጥታችሁ ነግራችሁኛል፤ ላመስግናችሁ ብዬ ነው ዛሬ የቆምኩት። የቢሮ ጽዳት የምትሠራው ልጅ ስንቴ አስቁማ ነግራኛለች። ተቆጥቻለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ስሜያታለሁ። የሁሉም ድስት በሚያርርበት ቤት ሁሉም ዝም ካለ ማን ይተርፋል?

አሁን ወደ እትዬ ኮሌታ ልመለስ። ጥፋቷን ታውቃላችሁ። ጥቁር ካፖርት ላይ ጥቁር ሰማያዊ ኮሌታ ሰፋች። አንድ ሁለት ቢሆን እኮ ይታለፍ ነበር፤ እሥሩን በሙሉ ነው። ደንበኛው ጋ ሊጫን ሲል ፀሐይ ላይ ሲወጣ ታየ። ስሟ ተጻፈ። ከስሟ ሥር ደግሞ ከመካከላችን አንድ ቀልደኛ «ዐይን ያላችሁ ተባበሯት» ብሎ ጨመረበት። በሰሌዳው በኩል ያለፈ ሁሉ ሳቀ። እርሷም አለፈች፣ አነበበችው፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ማን እንደጻፈው አልጠይቅም። አንተው ታውቀዋለህ። ቤቴን ታውቃለህ፣ ለብቻህ ና፣ እናወራለን።

ቤቷ ሄድኩ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን እርሷን አስፈቅጄ ነው። የቀሚሷን ጫፍ ልትሰፋ ይዛ ነበርና «እስቲ ይህን መርፌ ክር አስገቢልኝ» አለችኝ። እትዬ ኮሌታ፣ በአንድ እጇ እያወራች በአንድ እጇ ክር የምታስገባው ሴት። መርፌውን ተቀብዬ አየኋት። እንባዋ መጣ። «አይታየኝም» አለችኝ። «ሁሉም ነገር ጭስ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ካወቁ ያስወጡኛል ብዬ ነው።» መስኮቱ ሥር መቀመጥ የጀመረችው ለአየሩ መስሎን አልነበር? ብርሃን ፍለጋ ነው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ያን ኮሌታ ይዞ አጠገቧ ቢቀመጥና ጨርቁን ቢወጥርላት፣ ምላጩን ክሩ ላይ ማሳረፍ እንዳቃታት አያይም ነበር? በመጀመሪያው ካፖርት ላይ ያየው ነበር። ሰሌዳው ምን እንዳጠፋች ነገረን፣ ለምን እንዳጠፋች ግን ከየት ያምጣው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የዐይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ታያለች አለን። ዐይኗ ይድናል። ወደዚህ በር መመለስ ነው እምቢ ያለችው። «ያን ሁሉ ሳቅ አቋርጬ የምገባበት እግር የለኝም» አለችኝ።

ወንድሜ፣ አሁን ወደ አንተ መጣሁ። ውኃውን አስቀምጠው።

ይህ ወንድሜ ገና ጢሙ ሳይበቅል መካኒክ ሆኖ እዚህ ሲገባ አንድ ነገር አጠፋ። ትንሽ ጥፋት አልነበረም፤ ለእርሱ ጥፋት ሌላ ሰው ሊቀጣ ነበር፣ እርሱም ዝም ብሎ ያይ ነበር። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። አንገታችሁን አታስግጉ፣ ብትጠብቁ ትከርማላችሁ እንጂ አትሰሙትም። ላብህን ጥረግ ወንድሜ፣ አልናገርም።

አንዲት ሴት አየችው። ወደ አለቃ አልሮጠችም፣ ለጓደኞቿም አላወራችም። ከጨርቅ ጥቅሎቹ ጀርባ ጠራችውና ያለችውን እርሱ ራሱ የዚያን ዕለት ከሥራ ስንመለስ መንገድ ላይ እያለቀሰ ነገረኝ። «ልጄ፣ አንተ ክፉ ልጅ አይደለህም። የሠራኸው ግን ክፉ ነው። ዛሬውኑ ተናገር፣ ካደረ ይከብድሃል።» ብቻውን አልላከችውም። ሥራዋን ጥላ፣ ከሰዓቷ ተቆርጦባት፣ አለቃው ፊት ከጎኑ ቆመች። ተቀጣ። ያ ሰው ግን ተረፈ፣ የወንድሜም ስም ተረፈ። ያን ጊዜ ሰሌዳ ቢኖረን ኖሮ ይህ ልጅ ዕድሜ ልኩን በአንድ ጥፋቱ እየተጠራ፣ ወይ ሸሽቶ ወይ ደንድኖ ይቀር ነበር። ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ቀርቶ ሰላምታ የሚመልስለት ባላገኘ።

ያቺ ሴት ማን ናት? አብዛኞቻችሁ ገምታችኋል። እትዬ ኮሌታ ናት። ስሟ ሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ ሲያዝ አፉ እንዴት እንደታዘዘለት አላውቅም። አውቆ ነው አልልም። የተጨነቀ ሰው የሰው ስም ሲያይ ፊት አይታየውም፣ ቁጥር ነው የሚታየው። ወንድሜ፣ ስወድህ ነው የምነግርህ፦ ይህን አጥፍተሃል። እርሷ ለአንተ ያደረገችውን አንተ ለማንም አላደረግህም። እኔ እህትህ ይህን ሳልነግርህ ብወጣ፣ እናታችን ያሳደገችን በከንቱ ነው።

«ወንድሟን በሰው ፊት አዋረደችው» ትሉ ይሆናል። ስትወጡ ታወሩታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ማዋረድ ተናግሮ መሸሽ ነው። እኔ የምሸሽበት የለኝም፤ ነገ ከነገ ወዲያም ቤቱ እሄዳለሁ፣ ልጆቹም አክስታችን መጣች ብለው በሩን ይከፍቱልኛል። ቢዘጋብኝ እንኳ በመስኮት አነጋግረዋለሁ። ይቆጣ። ተቆጥቶ የሚመለስ ወንድም ይሻለኛል፤ እየሳቀልኝ ከሚጠፋ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሰሌዳው ይውረድ። በርጩማዎቹ ከግምጃ ቤት ይውጡ። እትዬ ኮሌታ ዐይኗ እስኪድን ቦታዋ ይጠበቅላት። ይህን ሁሉ ቢሮህ ተቀምጠህ በስልክ ማዘዝ ትችላለህ። ይቅርታውን ግን በስልክ አትልከው። ቤቷ ድረስ በእግርህ ነው። ዛሬ። እናንተም ሰሌዳው ሥር የሳቃችሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ይሂድልን ብላችሁ አትደበቁ፤ ሳቁ የጋራ ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሰዓቷን እያየች ነው። ምርቃቱን ልስጣችሁ፣ ተነሡ።

መርፌያችሁ አይሰበር፣ ክራችሁ አይበጠስ። የመቁረጫ ክፍል፣ ጣቶቻችሁን ይጠብቅላችሁ። የካውያ ክፍል፣ እሳት አይንካችሁ፣ ነገርም አይለያያችሁ። ሾፌራችን፣ ያወጣኸውን ሁሉ በሰላም አግባ። ጥበቃዎች፣ ደጃችሁ ክፉ አይርገጠው። ልጆቻችሁ ከእናንተ የተሻሉ ይሁኑ፣ ሲሳሳቱም ገመናቸውን ሸፍኖ እውነቱን የሚነግራቸው ሰው አይጡ። እናንተንም የሚቆጣችሁ ወዳጅ አያሳጣችሁ፤ ሲቆጣችሁ የሚሰማ ጆሮ፣ ከሰማችሁ በኋላም የሚነሣ እግር ይስጣችሁ። ፋብሪካው ሥራ አይጣ። እግዚአብሔር እኔን በሰላም እንዳደረሰኝ እናንተንም ለዚህች ቀን ያድርሳችሁ፣ ስትወጡም የምትሸኙት እንጂ የምትሸሹት ሰው አይኑራችሁ።

አሜን በሉ እንጂ፣ ድምፃችሁ የት ሄደ?

ወንድሜ፣ አሁን ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንተም ስለ እኔ ጥሩ ጥሩ ነገር ትናገራለህ። ተናገር፣ አልቸኩልም። ከዚያ ስብሰባ አለኝ ብትል ስብሰባህን ጨርስ። በጓሮው በር ልትወጣ እንዳታስብ፣ ጥበቃዎቹን አናግሬያቸዋለሁ። እዚያ ጥግ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያቆማችሁልኝ ስጦታ ደግሞ እግሮቹ ከወረቀቱ ወጥተዋል፤ ወንበር መሆኑን ማን ያጣዋል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዳችሁ ተሸክማችሁ ዋናው በር ላይ አውጡልኝ። ወንድሜን እስኪመጣ እዚያ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ።